የማን መርዶ ነው

ከፊት ለፊቴ በር ከምትኖረው ሴት ጋር ሰላምታ ካቆምን ከዓመት በላይ ሆኖን ነበር። በአንድ ኮሪደር በር ለበር እየኖሩ መኮራረፍ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። እሷ በሯን ስትከፍት ከሰማሁ እኔ ቁልፌን እንደያዝኩ ከበሬ ጀርባ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ኮቴዋ ደረጃውን ወርዶ ሲያልቅ ነው የምወጣው። እሷም እንደዚያው ታደርግ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። አንድ ቀን ሁለታችንም ከየበራችን ጀርባ ቆመን የሌላችንን መውጣት ስንጠባበቅ ሥራ አርፍጃለሁ።

ነገሩ የጦርነቱ ነው። ታናሽ ወንድሜ የመጀመሪያው ጥሪ ሲመጣ ወታደር ሆኖ ሰሜን ዘመተ። የእሷ ልጅ ደግሞ ጦርነቱ ሳይጀመር አያቱን ሊጠይቅ ወደ ሰሜን ሄዶ በዚያው ቀረ። በኋላ በዚያኛው ወገን መሣሪያ አንስቷል የሚል ወሬ ሕንጻውን አዳረሰው። እሷም አንድ ቀን እንኳ አላስተባበለችም። እንግዲህ በእኔ ሒሳብ የእሷ ልጅ የሚተኩሰው ወንድሜ ላይ ነው፤ በእሷ ሒሳብ ደግሞ የእኔ ወንድም የሚተኩሰው ልጇ ላይ። እነዚህ ሁለት ልጆች በእሷ ሳሎን ውስጥ አንድ ሶፋ ላይ ተዛዝለው ኳስ ሲያዩ ያደጉ ናቸው። እናታችን ከሞተች በኋላ ከትምህርት ቤት አምሽቼ በገባሁ ቁጥር ወንድሜን በልቶ፣ ጠግቦ፣ እዚያ ሶፋ ላይ ተኝቶ ነበር የማገኘው። ያኔ እታለም ነበር የምላት።

ጦርነቱ ሲመጣ ግን እታለም ቀረ። አንድ ከተማ ተያዘ የተባለ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ወደ በሯ ዞሬ እልል አልኩ። ነገሩ ተገልብጦ እነዚያ ወደ መሐል አገር እየገፉ ነው ሲባል ደግሞ ከግድግዳዋ ጀርባ ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ቴሌቪዥን ይሁን እሷ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤቷ የተፈተሸ ዕለት እሷ የጠቆምኩባት እኔ እንደሆንኩ አመነች። አልጠቆምኩም። ግን በበሬ ቀዳዳ እያየሁ ነበር፣ እንደማይም ታውቅ ነበር።

የእኛ ሕንጻ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፣ ያውም ሊነጋጋ ሲል። ከደረጃው ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ግማሿን የውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ይዞታል፣ ጥግ ላይ ውሃውን ወደ ጣራ የሚገፋው ሞተር አለ፣ በቀረው ቦታ ሰው ይቆማል። አንድ ሰው ወርዶ ሞተሩን ካላበራ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ቀኑን ሙሉ ጄሪካን ሲሸከም ይውላል። ተራው በየቤቱ ይዞራል። ክፍሏ መስኮት የላትም። ላሜራ በሯ መቀርቀሪያ ያላት በውጭ በኩል ብቻ ነው፤ ቁልፍ ኖሯት አያውቅም።

ያን ሰሞን ወንድሜ ድምፁን ካሰማኝ ቆይቷል። በፊት በፊት ስልክ እየተዋሰ ይደውልና “አለሁ፣ ደህና ነኝ፣ የሰው ስልክ ነው” ብሎ ይዘጋ ነበር። ያቺ አጭር ጥሪ ከቀረች ወዲህ እህል ሲቀርብልኝ እንደ አፈር ይከብደኝ ጀመር። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ቆሜ ምን እል እንደነበር ይጠፋኛል። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለሁ እንዲለኝ።

የዚያን ዕለት ተራው የእኔ ነበር። ስልኬን ቻርጅ ላይ ትቼ ወረድኩ። የግቢው ጥበቃ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ሁልጊዜ “ዛሬስ ባል አገኘሽ?” ብለው የሚቀልዱብኝ፣ ያን ጠዋት አልቀለዱም።

“ደህና አደርሽ ልጄ፣ ወዴት ነው?” አሉኝ።

“ሞተር ላበራ ነዋ፣ ሌላ የት እሄዳለሁ በዚህ ሰዓት?” አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ግቢው በር ዞሩ። ብርድ መስሎኝ አለፍኳቸው።

አምፖሉን አበራሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ያ ሞተር ሲነሳ ጎንህ የቆመ ሰው ቢጠራህ አትሰማም። ጎንበስ ብዬ ቧንቧውን ስከፍት ከሮቶው ጀርባ ጄሪካን የያዘ እጅ ወጣ። እሷ ነበረች።

“ተራው የእኔ ነው” አልኳት። በጩኸት ነው፣ በሞተሩ ምክንያት። ከዓመት በላይ በኋላ የተናገርኳት የመጀመሪያ ቃል ይኼው ነው።

“አውቃለሁ። ባለፈው ስላልወረድሽ ዛሬም የምትቀሪ መስሎኝ ነው። ኮቴሽን ስሰማ መብራቱን አጠፋሁ።”

“ባለፈው አሞኝ ነበር።”

“ይማርሽ” አለች፣ ድርቅ አድርጋ።

ጄሪካኗን አንስታ በጎኔ ልታልፍ ስትል በሩን ተዘግቶ አየነው። ንፋስ ነው ብዬ ገፋሁት። አልተነቃነቀም። ከውጭ ተቀርቅሯል። በቡጢ መታሁት፣ በእግሬ መታሁት። የዚያኑ ጊዜ መብራት ጠፋ። ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ፣ አምፖሉ ጨለመ፣ ከላሜራው በላይ ካለችው ስንጥቅ የምትገባ አመድማ ብርሃን ብቻ ቀረች።

“አንቺ ነሽ ያስዘጋሽው?” አልኳት።

“አብሬሽ ገብቼ?” አለች። “ምን ላደርግሽ? ልበላሽ?”

“ስልክሽን አምጪና ለሰው ደውይ።”

“ስልክ ይዤ መውጣት ትቻለሁ። መንገድ ላይ አስቁመው ፎቶዎቼን አንድ በአንድ ካዩ ወዲህ።” ቀጥላም “ማን እንደጠቆመብኝ አንቺ ታውቂያለሽ” አለችኝ።

“አልጠቆምኩም። ብትፈልጊ እመኚ፣ ባትፈልጊ ተይው።”

ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ብንኮራረፍም የምንርቅበት ቦታ የለም። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይመጣል። ጀርባዬን ለሮቶው ሰጥቼ በሩን እንደገና መታሁት። ኮቴ ቀረበ።

“ትንሽ ታገሺ ልጄ” አሉ ጥበቃው ከውጭ። “ቁልፉ እየተፈለገ ነው።”

ኮቴያቸው ራቀ። እኔ እጄን እንዳነሳሁ ቀረሁ። ቁልፍ የሌለው በር ቁልፉ ይፈለጋል? እሷም ያው ሐሳብ መጣላት መሰለኝ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ልጄ የሚሉት ደግሞ ግቢውን ሙሉ ነው፤ የሃምሳ ዓመቷንም ልጄ ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ድምፆቹ መጡ። ብዙ ኮቴ፣ ግን የቸኮለ የለም። ወንበር ከወንበር ሲነካካ፣ አንድ ሰው “ቀስ” ሲል። ሰው ተሰብስቦ ዝም ሲል አየሩ ራሱ ይለወጣል። ጆሮዬን ላሜራው ላይ ለጠፍኩ።

“ከግቢ አልወጣችም አይደል?” አለ አንድ የወንድ ድምፅ፣ በሹክሹክታ።

“ውስጥ ናት። ሥራ እንዳትሄድብን ብዬ ዘግቼባታለሁ” አሉ ጥበቃው።

“ጎሽ። ሰው እስኪሟላ ትቆይ። የእድሩ ሰብሳቢ መንገድ ላይ ናቸው፤ ዘመዶቿም ከላፍቶ እየመጡ ነው።”

ይኼን ልማድ የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ለቤተ ዘመዱ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ጎህ ሳይቀድ ወይም ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ፣ ሲጮኽ የሚይዘው፣ ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው አጠገቡ መኖሩን አረጋግጠው ያረዱታል። እስከዚያ ድረስ ባለ መርዶው ከቤት እንዳይወጣ ይጠበቃል። እኔም ራሴ ስንት ሰው ቤት ሄጃለሁ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደረጃ ላይ ቆሜ “ገና ነው፣ እህቷ ትምጣ” ብዬ አውቃለሁ። ከበሩ በስተጀርባ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው አስቤ አላውቅም ነበር።

“መርዶ ነው” አልኩ።

“መርዶ ነው” አለች።

ከዚህ በኋላ ሁለታችንም በሩን አልነካነውም። ቅድም ካልከፈታችሁልኝ እሰብረዋለሁ ስል የነበርኩት ሴትዮ ከበሩ ሸሽቼ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ጥበቃው የዘጉት አንዲት ሴት ላይ ነው፤ ክፍሏ ውስጥ ያለነው ደግሞ ሁለት ነን። ወይ የእሷ ልጅ ነው፣ ወይ የእኔ ወንድም።

“እኔ ስገባ አይተውኛል” አልኳት። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

“እኔንም አይተውኛል” አለች ፈጠን ብላ። “ከአንቺ በፊት ነው የገባሁት፤ ሰላምታ ሰጥተውኛል። ሲዘጉ እኔን ብለው ነው። ዘመዶችም አሉኝ፣ ላፍቶ። የእኔ ነው፣ አትደንግጪ።”

የእኔም ዘመዶች ላፍቶ ናቸው፤ እሱን ግን ማሰብ አልፈለግኩም። ምን እንደተሰማኝ ልናገር። ደስ አለኝ። ገብርኤልን በልቤ አመሰገንኩት፤ ብስራተ ገብርኤል ድረስ በእግሬ ሄጄ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። በጨለማው አጠገቤ የቆመችው ሴት ልጇን አጥታለች፣ እኔ ግን ወንድሜ አለ፣ አለ፣ አለ እያልኩ ነው። ቢቻለኝ ኖሮ መርዶውን በሁለት እጄ ወደ እሷ እገፋው ነበር።

ውጭ ወንበሮች ይጨመራሉ። የሴቶች ድምፅ መጣ። አንዷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ስትጠርግ ሰማሁ። ሰዉ በዛ። የግቢው ሰው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አልቀረም።

“ለአንቺ ይኼ ሁሉ ሰው?” አልኩ።

የወጣኝ እንደ ሽሙጥ ነው፤ አፌ የለመደውን ነው የተናገረው። ግን ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ራሴን ጠየቅሁ። ለእሷ ማን ይሰበሰባል? በዚያ ሰሞን እሷን ሰላም ያላት ሰው በቀና ዓይን አይታይም ነበር። የእድሩ ሰዎች ሳይቀሩ ዓመቱን ሙሉ በሯን አላንኳኩም። በዚያኛው ወገን ለሞተ ልጅ ማን ወንበር ያወጣል? ማን ደፍሮ ግቢ ውስጥ ነጠላ ያዘቀዝቃል?

የዚያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። እኔ ጥርሴ እስኪጋጭ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ እሷ ግን አትንቀጠቀጥም። ጄሪካኑን እንደያዘች፣ ተራዋን እንደምትጠብቅ ሰው ተረጋግታ ቆማለች።

“ለምንድን ነው የማትፈሪው?” አልኳት።

“ተይኝ።”

“ንገሪኝ። ልጅሽ ነው እየተባለ ለምን አትፈሪም?”

ጄሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሲያርፍ ውሃው ቦጭ ቦጭ አለ።

“የእኔ አልቋል” አለች። “ከክረምቱ በፊት ነው። እዚያ ስልክ ስለማይሠራ ከውጭ አገር አንድ የአክስቴ ልጅ ደውሎ ነገረኝ። መኝታ ቤት ቆሜ ነበር፣ ‘ተቀምጠሻል?’ አለኝ። ‘ተቀምጫለሁ’ አልኩት፣ ቆሜ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩት። ሬዲዮም ከፈትኩ። ፎጣ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ብጮኽ ትሰሚኛለሽ፣ አንቺ ከሰማሽ ደግሞ ሕንጻው ይሰማል። ጥቁር እንኳ አልለበስኩም። በማግስቱ ሱቅ ወርጄ ሽንኩርት ገዛሁ።”

በጨለማው ወደ እሷ ዞርኩ።

“ሁለቴ መርዶ የለም” አለች። “ሌላ ልጅ የለኝም፣ ባልም የለኝም። የእኔ ነው ያልኩሽ ትንሽ እንድትቆዪ ብዬ ነው።”

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ውሃ ነበረው፣ ቀሚሴ በሰበሰ፣ ልብ አላልኩትም። ወንድሜ። አጭር እግሩ፣ ለኳስ የማይመች። ስሜን ቆርጦ የሚጠራበት አጠራር። ከዚህ በር ወዲያ ሞቷል፤ ከበሩ ወዲህ ግን ገና ማንም ሞቷል አላለኝም። ልጮኽ አፌን ስከፍት እሷ ጎንበስ ብላ እጇን አፌ ላይ አደረገች፤ ሳትጫን፣ እንዲሁ።

“ከጮኽሽ ይከፍታሉ” አለች። “እንዲከፈት ትፈልጊያለሽ?”

ራሴን ነቀነቅሁ። አልፈልግም።

“እንግዲያው ዝም እንበል።”

ዝም አልን። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም፤ ስንጥቋ ከአመድማ ወደ ነጭ እስክትለወጥ ድረስ ነው። እሷ መውጣት ትችል ነበር። ‘እዚህ ሁለት ነን’ ብላ አንዴ ብትጣራ ይከፍቱላታል፣ ቤቷ ትገባለች፣ በሯን ትዘጋለች። ውጭ ያለው ሕዝብ ለእሷ የሚያስፈራ ሕዝብ ነው፤ የወታደር መርዶ የያዘ፣ ያዘነ፣ የተናደደ። እዚህ ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር ከተገኘች ምን እንደሚባል ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። አልተጣራችም። እጄን በሁለት እጇ ይዛ አጠገቤ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች።

“እታለም” አልኳት።

“ወዬ።”

“ያንቺ ልጅ ቢሆንስ የተኮሰው?”

በጨለማ ውስጥ የሰው ፊት ባይታይም ሲለወጥ ይታወቃል። እጄን የምትለቀኝ መስሎኝ ነበር።

“የኔ ልጅ ከክረምት በፊት ነው የሞተው” አለች። “ያንቺ ወንድም ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላም ደውሎልሻል። በግድግዳው ሰምቼሻለሁ፣ ስትስቂ። እና እኔስ ምን ልበል? እኔስ ማንን ልጠይቅ?”

እውነቷን ነው፤ ጥያቄው የእሷም ነበር፣ ያውም ከእኔ ቀድሞ።

ውጭ አንድ መኪና ቆመ፣ በር ተከፈተ፣ “መጡ፣ መጡ” ተባለ። የእድሩ ሰብሳቢ ከዘራ መሬቱን ሲነካ ሰማሁት። እሷ ተነሳችና ከጄሪካኑ በእፍኟ ውሃ ቀድታ ፊቴን አጠበችኝ። ቀጥሎ እፍኟን ወደ አፌ አቀረበች።

“ጠጪ። ጉሮሮሽ ይርጠብ፣ ዛሬ ገና ብዙ ትጮኺያለሽ።”

ጠጣሁ። ሻሼን ፈታ እንደገና አሰረችልኝ። ከዚያ ብብቴን ይዛ አነሳችኝና “ላንኳኳልሽ?” አለች።

“እኔ ነኝ የማንኳኳው” አልኩ።

አንኳኳሁ። ቀስ ብዬ ነው፣ እንደ እንግዳ። መቀርቀሪያው ተሳበ፣ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ጥበቃው መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ቀጥሎ ከጀርባዬ እሷን። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ሰላምታ ሰጡኝ ያለችው ውሸት እንደነበር ያን ጊዜ በግልጽ ታወቀኝ። የእድሩ ሰብሳቢ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ “አውቄዋለሁ አባቴ፣ አይድከሙ” አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። የያዙኝ እጆች ብዙ ነበሩ።

ድንኳኑ ግቢው መሐል ተተከለ። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ካለው ትምህርት ቤቴ የሥራ ባልደረቦቼ መጡ፣ ከላፍቶ ዘመዶቼ መጡ፣ የማላውቃቸው ወታደሮች መጡ። አስከሬን የለም፤ የወንድሜ ፎቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚለቀሰው። እሷ ትቀራለች ብዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። አንዳንዱ ፊቱን አዞረባት። ሰው ሁሉ እያያት መሐሉን አቋርጣ ፎቶው ፊት ቆመች፣ ደረቷን መታችና ጮኸች።

እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ወራት ሙሉ በፎጣ ታፍኖ የኖረው ጩኸት ነው የወጣው። በመሐሉ ስም ትጠራ ጀመር። የወንድሜ ስም አይደለም። ልጇን በሕፃንነቱ የምትጠራበት የቁልምጫ ስም ነው፤ ማታ ማታ ለእራት ስትጣራው በግድግዳው ይሰማኝ ስለነበር ከእሷና ከእኔ በቀር እዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያውቀው አልነበረም። የምትጠራውን ያወቀች አይመስለኝም። ካፏ ወጣ፣ ከወጣ በኋላ መመለስ አልቻለችም።

አጠገቤ የተቀመጠችው የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናት፤ ስለ እታለም ልጅ ወሬውን ለሕንጻው ያመጣችው። ጆሮዋን አቁማ ሰማችና ወደ እኔ ዘንበል አለች።

“ይቺ ሴትዮ ማንን ነው የምትጠራው?” አለችኝ። ከኋላዋ ያሉትም ዞሩ።

ምን ሊመጣ እንደሚችል ገባኝ። የወታደር ድንኳን ውስጥ፣ በወታደሮች መሐል፣ የማን ልጅ እየተለቀሰ እንደሆነ ቢታወቅ እሷ ከዚያ ግቢ በሰላም አትወጣም። እሷም ምን እንዳደረገች አሁን ገብቷት ዓይኔን ታየኛለች።

“ወንድሜን ነው” አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። “የቤት ስሙ ነው። እሷ ናት ያወጣችለት፣ እሷ ቤት ነው ያደገው።”

ጎረቤታችን “ውይ እኔን” አለች። ለቅሶውን የምትመራው አልቃሽ ስሙን ከእኔ አፍ ነጠቀችና በዜማዋ አስገባችው። ሴቶቹ ተቀበሉ። ቀጥሎ ወንዶቹ። ወታደሮቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፍተው ያንን ስም እየጠሩ አለቀሱ። እሷ ዙሪያዋን አንዴ አየች፣ ከዚያ ፎቶው ፊት ተንበረከከች። ሄጄ ደገፍኳትና ልጇን በስሙ እየጠራሁ አብሬያት አለቀስኩ።